ምዕራፍ 5፦ ጥንስሱ ሲነቃ

በአምባሰል ደጋም ሆነ በሐይቅ ዙሪያ ባሉ መንደሮች፣ ለማኅበር ወይም ለዓመት በዓል ጠላ የምትጠምቅ ሴት ድካሟ ጎልቶ የሚታየው ወደ መጨረሻው ነው። አሻሮ ትቆላለች፣ ታስፈጫለች፣ እንኩሮ ታነኩራለች፣ ድፍድፉን አሽታ ጋኑን ትመርጋለች። የጠላው ዕጣ የተወሰነው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ጌሾና ብቅል ውኃ ውስጥ በገቡበት ሰሞን ነው። ጥንስሱ ከነቃ ድፍድፉ በማግስቱ ይነሣል። ጥንስሱ ከደከመ እህሉ የቱንም ያህል የተመረጠ ቢሆን ጋኑ ዝም ይላል፤ ዝም ያለ ጋን ደግሞ ለኮምጣጤና ለሻጋታ ክፍት ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ቤቱ ውስጥ ቢራ መጥመቅ የሚጀምር ሰው እርሾውን ከሱቅ ሊገዛ ይችላል፦ በፈሳሽ ውስጥ የተቀመጠ፣ ማቀዝቀዣ የሚፈልግ፣ ማብቂያ ቀን የተጻፈበት ሕያው እርሾ። የእኛ ጠላ ጠማቂ ግን ፈሳሽ እርሾዋን ራሷ ታረባለች። ከጌሾ፣ ከብቅልና ከዕቃዋ አንቅታ፣ መግባ፣ ጉልበት ሲያገኝ ወደ ትልቁ ጋን ታሻግረዋለች። ስለዚህ ጠላ ለመጥመቅ የተነሣ ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ እርሾ ማርባትን ይማር። ይህን የቻለ ሰው የቀረውን ሥራ በቀላሉ ይደርስበታል።

እርሾው ምን ይሠራል?

እርሾ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው የፈንገስ ዓይነት ነው። ስፋቱ ከ5 እስከ 10 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ላይ ከ100 የማያንሱ ሕዋሳት ተደርድረው ይገባሉ። ስኳር ይበላል፤ ከበላው ስኳር አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጋኑ ላይ የሚታየው አረፋ፣ ጆሮ ሲጠጋ የሚሰማው ፍልቅልቅታ፣ ጉሽ ጠላ ምላስ ላይ የሚያሳክከው ነገር ሁሉ የዚሁ ጋዝ ሥራ ነው።

ሰው ይህን ፍጡር በዓይኑ ሳያየው ለሺህ ዓመታት ተጠቅሞበታል። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሊዩወንሁክ እ.ኤ.አ. በ1680 በሠራው ማጉያ የቢራ እርሾን አየ፤ ሕያው መሆኑን ግን አላወቀም። ሉዊ ፓስተር መፍላት የሕያዋን ጥቃቅን ፍጥረታት ሥራ መሆኑን አሳይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1876 ስለ ቢራ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1883 ደግሞ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በኮፐንሃገኑ የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ከአንድ ሕዋስ ብቻ የተራባ ንጹሕ እርሾ ለፋብሪካ አበቃ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ የቢራ ፋብሪካዎች የሚሄዱት በዚህ መንገድ ነው። ከሐይቅ በደሴ በኩል ወደ ደቡብ ወርዶ ኮምቦልቻ ያለውን የቢራ ፋብሪካ የሚያይ ሰው፣ በአንድ አውራ ጎዳና ላይ ሁለት የእርሾ ሥርዓቶችን ያገኛል። አንዱ ተመርጦ በንጽሕና የተራባ እርሾ ነው። ሌላው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከሸክላው ተጠራቅሞ የሚነሣ የብዙ ዓይነት ፍጥረታት ማኅበር ነው።

የጠላውን ማኅበር አባላት አገራችን ውስጥ የመረመሩ ሰዎች አሉ። ሳሙኤል ሳህሌና ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲኔት በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት ስለ ጠላ መፍላት ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ዘርፍ መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው። በጠላ ውስጥ ዋናው አልኮል ሠሪ ሳካሮማይሲስ የሚባለው የእርሾ ወገን ነው፤ ዳቦና ቢራ የሚነሡትም በዚሁ ወገን ነው። ከጎኑ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ጠላን ለስላሳ ኮምጣጣነት የሚሰጡት እነሱ ናቸው። የጠላ ጠማቂ ጥበብ ሁለቱን በልክ ማኖር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ጥያቄ ይነሣል። ከጤፍ ሊጥ ላይ የሚቀዳው እርሾ ለጠላ አይሆንም ወይ? አይመከርም። በሊጥ እርሾ ውስጥ የአሲድ ባክቴሪያዎች ድርሻ ትልቅ ነው፤ ለእንጀራ የሚፈለገውም ያ ኮምጣጣነት ነው። ጥንስስ ላይ ቢጨመር ጠላው ገና አልኮል ሳይዝ ይኮመጥጣል።

ከጌሾ፣ ከብቅልና ከሸክላ

የደረቀ የጌሾ ቅጠልና እንጨት በላያቸው የዱር እርሾ ይዘው ይመጣሉ። ጌሾ ሌላም ሥራ አለው። ምሬቱ በከፊል ጌሾይዲን ከተባለ ንጥረ ነገር የሚመጣ ሲሆን፣ የጌሾ ጭማቂ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን እንደሚገታ በቤተ ሙከራ ታይቷል። እርሾው ግን ይህን ምሬት ይችለዋል። ስለዚህ በጌሾ ውኃ ውስጥ መጀመሪያ የሚደላደለው ጠማቂዋ የምትፈልገው ፍጡር ነው። አውሮፓውያን በቢራቸው ሆፕ የሚጨምሩትም በከፊል ለዚሁ ነው።

ብቅል ምግቡን ያዘጋጃል። እርሾ ስታርች መብላት አይችልም፤ የገብስ ፍሬ ደግሞ የተሞላው በስታርች ነው። ገብሱ ሲነከር፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ድንጋይ ሲጫንበትና ሲበቅል በውስጡ አሚሌስ የሚባሉ ኢንዛይሞች ይነቃሉ። እነዚህ ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይሰባብሩታል። በፀሐይ ሲደርቅ ሥራቸው ይቆማል፤ ውኃ ሲያገኙ እንደገና ይቀጥላሉ። ብቅል ምድጃ ላይ መቆላት የሌለበት ለዚህ ነው፤ ብርቱ እሳት ኢንዛይሞቹን ያጠፋል። ለቀለምና ለጣዕም የሚቆላው አሻሮው ነው። በአምባሰል ደጋ የሚመረጠው ገብስ ነው፤ ወደ ቆላው ሲወረድ ማሽላም ከጠላ እህል ይገባል። ያም ሆነ ይህ ከውስጡ ስኳር የሚያወጣለት ደህና ብቅል ያስፈልገዋል።

ጥሩ ብቅል ሲታኘክ ይጣፍጣል፤ ሽታው እንደ ደረቅ ሣር ነው። ክረምቱ ገና ሳይወጣ ለመስከረም 21፣ ለግሸን ማርያም ንግሥ ጠላ የሚጠነስሱ ቤቶች በዚህ ላይ መጠንቀቅ አለባቸው። እርጥበት የበዛበት ወቅት ስለሆነ ብቅልም ጌሾም ቶሎ ይሻግታሉ። የሻገተ እህል ጉዳቱ ከጣዕም ያልፋል፤ አንዳንድ ሻጋታዎች ጉበትን የሚጎዳ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመርታሉ፤ ይህ መርዝ ደግሞ በመፍላት አይጠፋም። የሻገተው በፀሐይ ቢመታም ለጠላ አይሆንም።

ሦስተኛው የእርሾ ምንጭ ዕቃው ነው። ሸክላ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ፣ ታጥቦም ካለፈው ጠላ የቀሩ ሕዋሳትን ይዞ ይቆያል። ጠላ የለመደ ጋን ጥንስስን የሚያፈጥነው በዚህ ምክንያት ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም ድግስ በሚጠራሩበት ወሎ ይህ ነገር ሌላ ትርጉምም አለው። ለሙስሊም ጎረቤት የሚቀርብ ብርዝ ጠላ በያዘ ሸክላ ውስጥ ቢያድር፣ ማሩን የሚያገኘው እርሾ ማፍላት ይጀምራል። ብርዙ ጠላ ባልነካው ዕቃ መዘጋጀቱ ለጎረቤት እምነት የሚሰጥ ክብር ነው፤ ሳይንሱም ይደግፈዋል።

ጋኑን በግራዋ ማሸትና በወይራ ጭስ ማጠን የሚያስፈልገውስ ለምንድን ነው? ግራዋው የተጣበቀውን ቆሻሻ ይፍቃል። የወይራው ጭስ ሙቀቱና በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች ተደምረው በሸክላው ገጽ ላይ ያሉትን አብዛኞቹን ጥቃቅን ፍጥረታት ይገድላሉ፤ እርጥበቱን ያደርቃሉ፤ ለጠላውም መዓዛ ይተዋሉ። በጥልቁ ቀዳዳ የተሸሸገ እርሾ ከዚህ ሊተርፍ ይችላል፤ ላይ ላዩን የሰፈረ ሻጋታ ግን ይጠፋል።

ከቀን ወደ ቀን

ለጀማሪ ከ15 እስከ 20 ሊትር የሚሆን ጠላ ይበቃል። ለጥንስሱ 1 ኩባያ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል፣ 2 ኩባያ የብቅል ዱቄትና 3 ሊትር ውኃ ይዘጋጅ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው እርሾውን ሊያዳክም ይችላል፤ ቀቅሎ ማቀዝቀዝ ሁለት ችግር ይፈታል፤ ክሎሪኑ ይወጣል፣ ባክቴሪያውም ይሞታል። በሐይቅ አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውኃ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ይህ ሙቀት ለዚህ ሥራ በቂ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጌሾው ብቻ በውኃው ይበጠበጥና ታጥኖ በቀዘቀዘ እንስራ ወይም በሌላ ንጹሕ ዕቃ ይቀመጥ። አፉ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፤ ጥብቅ ክዳን ግን አይደረግበት። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ብቅሉ ይገባል። ጌሾና ብቅሉን በአንድ ቀን የሚያስገቡ ቤቶችም አሉ፤ ያም ይሠራል። የጌሾው መቅደም ጥቅሙ እርሾው ምግብ ከማግኘቱ በፊት ምሬቱ ውኃውን እንዲይዝ ማድረጉ ነው፤ ብቅሉ ሲገባ መራራው ውኃ ባክቴሪያዎቹን ያዘገያቸዋል።

ብቅሉ በገባ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ቂጣው ይከተላል። ከ1 ኪሎ ገደማ ዱቄት የተጋገረና ጠቆር ያለ ቂጣ ተቆራርሶ ይጨመር። ሲጋገር ስታርቹ ስለበሰለ የብቅሉ ኢንዛይሞች በቀላሉ ይሰባብሩታል። እርሾው በዚህ ምግብ ሕዋስ ከሕዋስ እየተከፈለ ይበዛል። በየቀኑ በንጹሕ ማማሰያ መማሰሉ ሁለት ነገር ይጠቅማል። የሰፈፈው ጌሾ ደርቆ እንዳይሻግት ያደርጋል፤ ለሚባዛው እርሾም ጥቂት አየር ይሰጣል። እርሾ በመባዣው ጊዜ አየር ይወዳል። አየሩ የሚከለከለው በኋላ፣ አልኮል ሲሠራ ነው።

ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። በአምባሰል ደጋ የሌሊቱ ብርድ ጥንስሱን ያዘገየዋልና ዕቃው በጋቢ ተጠቅልሎ ከምድጃው ራቅ ብሎ ሙቀት በሚደርስበት ጥግ ይቀመጥ። ወደ ቆላው፣ በውጫሌ በኩል፣ በበጋ ቀን ቤት ውስጥ ከ30 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል እዚያ ጥላው ይሻላል። ብርድ እርሾውን ያስተኛዋል፤ ሲሞቅ ይነቃል። የበዛ ሙቀት ግን ይገድለዋል፤ ከ50 ዲግሪ በላይ አይተርፍም።

ሕያው መሆኑ በምን ይታወቃል?

ጀማሪ ቀን ከመቁጠር ምልክት ማየትን ይልመድ። ሕያው ጥንስስ ጌሾውን ወደ ላይ ገፍቶ ያሰፍፋል፤ ሲማሰል አረፋ ይነሣል፤ ጆሮ ሲጠጋ ይፍለቀለቃል። ሽታው ከሣር ወደ ፍራፍሬ ይለወጣል። ጥቂቱ ሲቀመስ የብቅሉ ጣፋጭነት እየቀነሰ፣ ምሬቱ እየጎላ፣ ምላስ ላይ ቆንጠጥ ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር እየመጣ ይሄዳል። ጣፋጭነቱ መቀነሱ ትልቁ ማስረጃ ነው፤ ስኳሩን የሚበላ አለ ማለት ነው።

ብቅሉ ገብቶ በሦስት ቀን ውስጥ ምንም ካልታየ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ቤቱ ቀዝቅዞ ከሆነ ዕቃውን ማዛወር ይበቃል። ብቅሉ አርጅቶ ወይም እሳት አግኝቶት ከሆነ አዲስ ብቅል ይጨመር። ውኃው ሳይቀዘቅዝ ተጨምሮ ከሆነ እርሾው ሞቷል፤ እንደገና መጀመር ያስፈልጋል። በገጹ ላይ ጸጉር ያለው ጥቁር፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ነገር ከታየ፣ ወይም የበሰበሰ ሽታ ካለው፣ ሁሉም ይደፋ። ላዩን ገፎ የቀረውን መጠቀም አይገባም።

ወደ ድፍድፍ ማሻገር

የነቃ ጥንስስ ወደ ትልቁ ጋን ሲሻገር የሚጠብቀው ሕግ አለ፤ እርሾ በድንገት እጅግ ሰፊ ቦታ ሲያገኝ ይሳሳል፤ እሱ እስኪበዛ ሌሎች ቦታውን ይይዙታል። ስለዚህ ጥንስሱ ከጠቅላላው ድፍድፍ ከአንድ አሥረኛ ማነስ የለበትም። ከላይ የተባለው 3 ሊትር ለ20 ሊትር ከበቂ በላይ ነው። ፋብሪካዎችም ከቤተ ሙከራ ብልቃጥ ወደ በርሜል ሲያሳድጉ በየደረጃው እያበዙ ነው የሚሄዱት።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። እንኩሮው ከምጣድ እንደወረደ ይጨመራል፤ ላዩ የቀዘቀዘ የሚመስለው ክምር ውስጡ ለእርሾ ገዳይ ነው። እንኩሮ ተበትኖ እስከ ልቡ ይብረድ። ከዚያ ከጥንስሱ ጋር ታሽቶ ድፍድፍ ይሆናል፤ ሲነሣ እንዳይገነፍል የጋኑ ሩብ ያህል ባዶ ይተው። ድፍድፉ ፈልቶ ሲረጋጋ በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ጋኑ ይመረጋል።

ምርጊቱ አየርን ይከለክላል። አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ያለ አየር አይሠሩም፤ እርሾው የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከላይ ሆኖ ጠላውን ይጋርደዋል። ሸክላና ጭቃ የበዛውን ጋዝ ቀስ ብለው ያሳልፋሉ። በፕላስቲክ ጀሪካን የሚጠምቅ ሰው ይህን ልብ ይበል፦ ክዳኑ ከጠበቀ ጋዙ መውጫ ስለሌለው ጀሪካኑ ሊፈነዳ ይችላል። ክዳኑ ላላ ይበል፤ ወይም ቀጭን ቱቦ ተገጥሞለት ጫፉ ውኃ ውስጥ ይንከር። የደረሰ ጠላ እንደ አሠራሩ ከ2 እስከ 6 በመቶ አልኮል ይይዛል።

በብልቃጥ የሚመጣው

ከአገር ውጭ ያለ ጠማቂ ጋንም፣ ትኩስ ጌሾም፣ ጠላ የለመደ ቤትም ላያገኝ ይችላል። የደረቀ ጌሾ ከኢትዮጵያውያን ሱቅ ገዝቶ፣ እርሾውን በፈሳሽ መልክ ከቢራ ጠማቂዎች መደብር መጨመር ይችላል። በዚህ ዘርፍ የሚታወቁት የአሜሪካዎቹ ዋይስት እ.ኤ.አ. በ1986፣ ዋይት ላብስ በ1995 የተመሠረቱ ናቸው።

አንድ ትኩስ የፈሳሽ እርሾ እሽግ በተለምዶ ወደ 100 ቢሊዮን ሕዋሳት ይይዛል። ቁጥሩ ብዙ ይመስላል፤ ስሌቱ ግን ሌላ ያሳያል። ለመካከለኛ ቢራ በአንድ ሚሊ ሊትር 9 ሚሊዮን ገደማ ሕዋሳት ይመከራሉ፤ ለ20 ሊትር 180 ቢሊዮን ማለት ነው። በዚያ ላይ እሽጉ ማቀዝቀዣ ውስጥ በቆየ ቁጥር በየወሩ የሕያዋኑ ቁጥር ይቀንሳል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ጠማቂዎች እሽጉን በቀጥታ አይደፉትም። 100 ግራም የደረቀ የብቅል ጭማቂ በ1 ሊትር ውኃ ቀቅለው፣ አቀዝቅዘው፣ እርሾውን ይጨምሩበትና እያናወጡ አንድ ወይም ሁለት ቀን ያሳድሩታል። ትንሽ ዕቃ፣ የብቅል ምግብ፣ አየርና ትዕግሥት፤ የአምባሰሏ ጠማቂ ከጥንስሷ ጋር የምታደርገው ይህንኑ ነው።

እርሾውን ለሚቀጥለው ጥንስስ ማቆየትም ይቻላል። የደረሰ ጥሩ ጠላ ሥር የሚዘቅጠው አተላ በሕያው እርሾ የተሞላ ነው። ጥቂቱን በንጹሕ ዕቃ በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጦ በሳምንት ውስጥ በአዲስ ጥንስስ ላይ መጨመር ሥራውን በአንድና በሁለት ቀን ያፈጥነዋል። የኮመጠጠ ጠላ አተላ ግን የኮምጣጤውንም ባክቴሪያ ስለሚያሻግር አይሆንም።

በምዕራብ ኖርዌይ ያሉ ገበሬዎች ቅቫይክ የሚሉትን የቤት እርሾ በእንጨት ቀለበት ላይ አድርቀው ከትውልድ ወደ ትውልድ አሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የዘር ጥናት ይህ እርሾ ራሱን የቻለ የቤት ልማድ ያሳደገው ቡድን መሆኑን አሳየ፤ ዛሬ በብልቃጥ ታሽጎ በዓለም ይሸጣል። የወሎ ጋኖችም በእናቶች እጅ ለስንት ዘመን የተመረጠ እርሾ ይዘዋል። ሸክላው በፕላስቲክ በርሜል እየተተካ ባለበት ጊዜ፣ ከየወረዳው ናሙና ሰብስቦ ማኖር ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚገባ ሥራ ነው። ጋኑ ከተጣለ በኋላ ያ እርሾ ከየትም አይገዛም።

የመጀመሪያው ልምምድ

ጠላ ከመጥመቅ በፊት በሦስት ማሰሮ ጥንስስ ብቻ ይሞከር። ሦስቱም አንድ ዓይነት ጌሾ፣ ብቅልና ውኃ ይግባባቸው። አንዱ ቤት ውስጥ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ሁለተኛው ሌሊት በሚበርድበት ቦታ፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ጎን ሆኖ ከጥሩ ጠላ አንድ ሲኒ አተላ ተጨምሮበት ይቀመጥ። ጠዋትና ማታ ይሽተት፣ ይማሰል፣ ይደመጥ፤ የታየውም ይጻፍ። በሳምንቱ መጨረሻ ሙቀት ምን እንደሚያደርግ፣ አዲስ እርሾና የለመደ እርሾ በስንት ቀን እንደሚለያዩ በራስ ቤት፣ በራስ ጌሾ የተገኘ እውቀት ይኖራል።

ከዚህ በኋላ ለጥቅምት 17፣ ለሐይቅ እስጢፋኖስ በዓል ጠላ ማድረስ የሚፈልግ ሰው ከበዓሉ ወደ ኋላ መቁጠር ይችላል። ጥንስሱ ቤቱ ውስጥ በስንት ቀን እንደሚነቃ ከልምምዱ ያውቃል። በዚያ ላይ ለድፍድፉና ለመርጊያው አንድ ሳምንት ገደማ ይጨምራል፤ ደጋ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ይደርብበታል። ሙያ ያላት እናት እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ሳትጨነቅ "ይደርሳል" የምትለው ይህን ስሌት በእጇ ስላወቀችው ነው፤ ጀማሪም በትንሹ ማሰሮ ከጀመረ ይደርስበታል።